የዶሪስ ዳዶዎች

ጁን 24፣ ዊሉና

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ታንያ ናት። «አባዬ፣ በየቀኑ ጻፍ። የት እንዳደርክ፣ ምን እንደሠራህ፣ ማን ምን እንዳለህ» ብላ እስክሪብቶውን ሳይቀር በገመድ አስራበት ላከችልኝ። አንደኛ ክፍል የምገባ ነው ያስመሰለችው። የመንገድ ማስታወሻ ይሆነኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ነገ ጠዋት በረሃውን የሚያቋርጠውን የካኒንግን የከብት መንገድ እንጀምራለን። ከዚህ እስከ ሆልስ ክሪክ አሸዋ ነው፤ መሃል ላይ ካለችው ከኩናዋሪጂ በቀር ናፍጣ የሚሸጥበት ቦታ የለም። ዶሪስ ስታልፈው ይህ አራተኛዋ ነው። ለሚስቴ ለኖሊን ግን የመጀመሪያዋ ነው። እስከዛሬ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ እሷ ቤት ቀርታ ልጅ ታሳድግ፣ እናቴን ታስታምም ነበር። «ጡረታ ስወጣ እወስድሻለሁ» እያልኩ ስንት ዘመን ሸነገልኳት።

ዶሪስ መኪናዬ ናት። ታንያ በተወለደች ዓመት ነው የተሠራችው። ናፍጣ ናት፣ አንድም ኮምፒውተር የላትም፣ ሞተሯን ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ አውርጄ ሰቅዬዋለሁ። ታንያ ግን ሸጠን እንድንገላገላት ትፈልጋለች። እኔም መንዳት እንዳቆም ትፈልጋለች። ባለፈው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ ወረቀት ሰጠኝና ሰዓት ሳልበት አለኝ። «እኔ መካኒክ ነኝ፣ የተበላሸ ሰዓት ካለህ ልጠግንልህ» አልኩት። እሱ ሳቀ። ታንያ አልሳቀችም።

ስለዚህ ተወራረድን። ዶሪስን በራሷ ጎማ፣ በራሴ እጅ ነድቼ ሆልስ ክሪክ ካደረስኳት ስለ መንጃ ፈቃዴ ሁለተኛ ትንፍሽ አትልም። ካላደረስኳት ቁልፉን አስረክባለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ በከተማችን በፒተርቦሮ ሊንዚ ቃሉን አጠፈ የሚል ሰው የለም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስሯ ተኝቼ ዋልኩ። ዳዶዎቿን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። አንድ ዳዶ ካጠበቅኩ በኋላ በቢጫ ቀለም ከዳዶው ተነስቼ እስከ ብረቱ አንድ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ። ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ እንዲህ ነው የምሠራው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከታየ ዳዶው እንዳጠበቅኩት አለ ማለት ነው። ከተሰበረ ተንቀሳቅሷል። ተለማማጆቼን «ቢጫ ያልተቀባ ነገር አልተሠራም» እላቸው ነበር። አሁን ዶሪስ በሆዷ በኩል ስትታይ በሙሉ ቢጫ በቢጫ ናት።

የኖሊን ወንድም ትሬቨርም ከእኛ ጋር ነው፤ በራሱ መኪና። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቸኝነት አላስቀምጠው ብሎ ስክሪን ያላት አዲስ መኪና ገዛ። ማርሹን ራሷ ትቀይርለታለች። ተኝቶ ቢነዳም ግድ የላትም።

ጁን 26

መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። ጥርሴ እስኪወልቅ። ጎማ አስተነፈስን። ትሬቨር በሬዲዮ «ዶሪስ ዛሬ ምን ጣለች?» እያለ ሲያሽሟጥጥ ዋለ። «አቧራዋን አንተ ላይ» አልኩት። ደክሞኛል።

ጁን 28፣ ስድስተኛው የውሃ ጉድጓድ

ትልልቅ ዛፎች፣ ጥሩ ውሃ። ኖሊን በብረት ድስት ዳቦ ጋገረች፤ ትሬቨር ግማሹን ብቻውን ጨረሰው።

ጠዋት ዶሪስ አልነሳም አለች። ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ ገመዱ ተንጠልጥሏል። ቢጫው ግን እላዩ ላይ አለ። ዊሉና ላይ ነው ያጠበቅኩት፤ እርግጠኛ ነኝ። ቆርቆሮው መንገድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ብቻ እንዲህ መላላቱ ገረመኝ።

ኖሊን ከጀርባዬ ቆማ ታያለች። «ምነው?» አልኳት። «ምንም። ሻይህ በረደ ልልህ ነው» አለች። በኋላ ልጠጣ ስሄድ ግን «ጠጥተኸዋል እኮ» አለችኝ፤ እኔ ገና አልቀመስኩትም። ጽዋው ባዶ ነበር። ማን ጠጣው?

ጁላይ 1

መጥፎ ቀን። የአሸዋ ክምር ጫፍ ላይ ልንደርስ ስንል ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ኖሊን በሩን አጥብቃ ያዘች። ከማዶ ሌላ መኪና እየመጣ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር።

የናፍጣ ማጣሪያው አየር ስቧል። የአየር ማስወጫዋ ብሎን ክፍት ናት። ጠዋት ውሃውን አፍስሼ ዘግቻታለሁ። ዘግቻታለሁ! ቢጫ እንኳ ቀብቻታለሁ።

ትሬቨር ከኋላ በሬዲዮ «ሊንዝ፣ እኔ ልቅደም?» አለኝ። «ለምን? ስክሪንህ መንገዱን አላሳይ አለችህ?» አልኩት። ደግ ሰው ነው፤ እንዲህ መናገር አልነበረብኝም። ግን ሰው ከኋላዬ እየመጣ ሲያይብኝ አልወድም።

ጁላይ 3፣ ዱርባ

እንደ ዱርባ የሚያምር ቦታ የለም። ቀይ ገደል፣ ከሥሩ ውሃ፣ ሳር። ዛሬ ዕረፍት ነው። ኖሊን ልብስ አጠበች። እኔ ከፊት በኩል ያለውን አሞርዛተር አየሁት፤ ዘይት ማልቀስ ጀምሯል፣ ግን ያደርሰናል። አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻዬ ጠፋችብኝ። እቃዎቼን ሁሉ አራግፌ ፈለግኩ። ትሬቨር የዳቦውን ጣሳ ሲከፍት ውስጡ አገኛት። «ሊንዝ፣ ይቺን ለቁርስ ነው ያሰብካት?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ የሱ ነው፤ ማን ሌላ ያስቀምጣታል?

ማታ ኖሊን «ና እስቲ፣ ውሃው ዳር እንቀመጥ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለችኝ። ልሂድ።

ጁላይ 4፣ ዱርባ

ዓይኔ አብጦ ተነሳሁ። የእንጨት ጭሱ ነው። ዛሬም እዚሁ ነን፤ ኖሊን ደክሞኛል አለች።

ጥርሴን ልታጠብ ስሄድ ከድንጋዩ ጀርባ በሳተላይት ስልክ ከታንያ ጋር ስታወራ ሰማኋት። «ትናንት ማታ ነገርኩት» ትላለች። «አለቀሰ እኮ፣ ታንያ። እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ከዚህ በኋላ አልችልም።» ስለ ትሬቨር ነው መሰለኝ። ምን ብትነግረው ነው እንዲህ ያለቀሰው? ስለ ሟች ሚስቱ ይሆናል። ምስኪን ትሬቭ። ሰሞኑን በምላሴ ስወጋው መክረሜ ቆጨኝ። ከሰዓት ቢራ ይዤለት ሄድኩና ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ ወንድሜ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ «አንተም አይዞህ ሊንዝ» አለኝና ወደ ገደሉ ዞረ።

ጁላይ 5

ከእንግዲህ አላዝንለትም።

ዛሬ ገና ጎህ ሲቀድ ለሽንት ወጣሁ። ትሬቨር ዶሪስ አጠገብ ተንበርክኳል፤ በስተኋላ በግራ በኩል ያለው ጎማ ጋ። በእጁ የዳዶ መፍቻ ይዟል። ሲያየኝ ብድግ አለ። «ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ጎማው የጎደለ መስሎኝ ነው» አለ። ጎማ በመፍቻ ነው እንዴ የሚታየው?

ሄጄ አየሁ። ስድስቱም ዳዶ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ተሰብሯል። ስድስቱም! በእጄ ሞከርኳቸው፤ ጠብቀዋል። ቢሆንም ነክቷቸዋል። ነካክቶ ፈቶ መልሶ አስሯቸው ይሆናል። ጠረግኳቸውና እንደገና ቀባኋቸው።

ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ። የባትሪው ማሰሪያ፣ የማጣሪያው ብሎን፣ መፍቻዬ የዳቦ ጣሳ ውስጥ። አሁን ሁሉም ተገጣጠመልኝ። ታንያ ከዶሪስ እንድላቀቅ ትፈልጋለች፤ አጎቷ ደግሞ እምቢ የማይላት ሰው ነው። መኪናዬ መንገድ ላይ ብትወድቅ ውርርዱን ተሸነፍኩ ማለት ነው። የገዛ ሚስቴን ወንድም እንዲህ ስጠረጥር አፈርኩ። ግን ዓይኔ ያየውን ምን ላድርገው?

ለኖሊን አልነገርኳትም። ወንድሟ ነው።

ጁላይ 7፣ ኩናዋሪጂ

ግማሹን ጨረስን። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሻወር አለ፣ የውሻው ብዛት!

ናፍጣ ልቀዳ ቱቦውን አንስቼ ዶሪስ ውስጥ ላስገባ ስል የሱቁ ሴትዮ ከበሩ ላይ ጮኸች። ደልዳላ፣ ድምፀ ጎላ ያለች ሴት ናት። «አያቴ! አያቴ፣ ተው! ያ ቤንዚን ነው!»

«ጽሑፉ ጠፍቷል እኮ» አልኳት።

«የቱ ጽሑፍ? ይሄ የኔን ቁመት የሚያክለው?» አለች። ሁለት ልጃገረዶች ሳቁብኝ። እሷ አልሳቀችም። ቱቦውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና ራሷ ቀዳችልኝ። «ማነው የሚነዳው፣ አንተ ነህ?» አለችኝ። «ሌላ ማን አለ?» አልኳት። ወደ ኖሊን አየች። ኖሊን መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ትሬቨር መጣና «ስማ ሊንዝ፣ ከዚህ ወደ ምዕራብ ጥሩ መንገድ አለ። በዚያ ብንወጣስ? ግማሹን ሠርተናል፣ ይበቃል፣ የሚያፍር ሰው የለም» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ፈነዳሁ። «ይሄን ነበር ስትጠብቅ የከረምከው!» አልኩት። «በሌሊት እየተነሳህ ዳዶዬን የምትፈታው ለዚህ ነው! ታንያ ስንት ከፈለችህ?» ሱቁ በራፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እዚያ ውስጥ የምትሄደው እህትህ ናት! እህትህ ያለችበትን መኪና ነው የምትነካካው!»

ትሬቨር ቀይ የነበረው ፊቱ ነጣ። አፉን ከፈተ። ኖሊንን አየ። ኖሊን ራሷን በጭንቅ ወዘወዘች፤ አይሆንም እንደማለት። ምን አይሆንም?

ከዚያ ትሬቨር «እሺ» አለ። «እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

«ሁለተኛ መኪናዬን አትነካም።»

«አልነካም።»

«ማልልኝ።»

«ማልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ጣቴን አላሳርፍባትም።» ከዚያ ለኖሊን «ሰማሽ አይደል? ማልኩለት። ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አላትና ወደ መኪናው ሄደ።

አመነ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከእራት በኋላ ኖሊን ሳህን ታጥብ ነበር። «ነገ በትሬቨር መኪና ልሂድ ይሆን?» አለችኝ። «ከኔ ጋር ነው የመጣሽው» አልኳት። «አዎ» አለች። «ካንተ ጋር ነው የመጣሁት።»

ጁላይ 8

ወደ ሰሜን። የአሸዋው ክምር እዚህ ጋ ይከፋል። ዶሪስ እንደ ወጣት ሄደች። አንድም ነገር አልጎደለም! ትሬቨር ራቅ ብሎ ይከተላል። በሬዲዮ ቀልድ የለም። ዝምታው ከቀልዱ ይብሳል።

ሆልስ ክሪክ እየቀረበ ነው።

ጁላይ 9፣ ጠዋት

ከፊት በግራ በኩል ያለው ጎማ ሌሊቱን ተንፍሷል። እሾህ። በስኮርታው ቀየርኩት። ኖሊን መሃል ላይ ለሻይ ጠራችኝ፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጠጥቼ ተመልሼ ጨረስኩ፣ ቢጫ ቀባሁ። እንሂድ።

ጁላይ 9፣ ማታ

ኖሊን ደህና ናት። ይሄን መጀመሪያ ልጻፈው። ግንባሯ ተቆርጧል፣ ትሬቨር በፋሻ አስሮላታል፣ ደህና ናት። ቁጭ ብላ ሻይ እየጠጣች ነው።

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከረጅሙ ክምር ጫፍ ላይ ወጥተን ወደ ታች ስንወርድ መሪው ተንቀጠቀጠ። ጉድጓድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በግራ በኩል ኳኳታ ሰማሁ። ፍሬን ልይዝ ስል ዶሪስ በግራ በኩል በአፍንጫዋ ተተከለች። ኋላዋ ተነሳ፤ ለትንሽ ነው ያልተገለበጥነው። ኖሊን ግንባሯ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። «ኖል! ኖል!» እላለሁ። «አለሁ፣ አለሁ፣ ሞተሩን አጥፋ» አለችኝ። ማጥፋቱን እንኳ ረስቼዋለሁ።

ትሬቨር ከክምሩ ላይ እየሮጠ ወረደ። በዕድሜዬ እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። እኔን አላየኝም፤ በቀጥታ ወደ እሷ።

ጎማው ከነቸርኬው በሦስት ዳዶ ብቻ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ተኝቷል። የቀሩት ሦስቱ የሉም፤ አሸዋ ውጧቸዋል። ሁለት ብሎን ተቆርጧል። ጠዋት ያሰርኩት ጎማ ነው።

ሥራው ራሱ አላስቸገረኝም። ትርፍ ብሎን ሁልጊዜ እይዛለሁ። በክሪክ አነሳኋት፣ የተቆረጡትን በመዶሻ አስወጣሁ፣ አዲሶቹን አስገባሁ። እጄ ያውቀዋል፤ ሳላስብ ነው የሠራሁት። የጎደሉኝ ሦስት ዳዶዎች ናቸው። በረሃ ላይ ለዚህ መላው አንድ ነው፦ ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አንዳንድ ዳዶ ትፈታለህ፣ እነሱ በአምስት በአምስት ይሄዳሉ።

ከበስተኋላ በቀኝ በኩል ወዳለው ጎማ ሄጄ ተንበረከክሁ። ቢጫው መስመር ተሰብሯል። «ይኸው፣ ይሄንንም ነክቶታል» አልኩ በልቤ። መፍቻውን ላስገባ ስል እጄ ቆመ።

ዳዶው ላይ ያለው ቢጫ፣ ቸርኬው ላይ ካለው ቢጫ በስተቀኝ ነው።

ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚላላው። ይሄን የማያውቅ ልጅ የለም። የሚፈታ ሰው ቢጫውን ወደ ግራ ነው የሚወስደው። ስድስቱንም አየሁ። ስድስቱም ወደ ቀኝ ሄደዋል። አንዱማ ግማሽ ዙር ሄዷል፤ እኔ ጨረስኩ ብዬ ቀለም ከቀባሁ በኋላ ግማሽ ዙር ሙሉ ላላ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ወደ ፊተኛው ሄድኩ። እሱም ወደ ቀኝ። ስሯ ገባሁ። የባሌስትራው፣ የአሞርዛተሩ፣ የዘይት ማፍሰሻው። ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ። በየቦታው እኔ ጥዬው የሄድኩትን ሌላ ሰው መጥቶ አጥብቆታል። ዱርባ ከመድረሳችን በፊት ጀምሮ ይሁን በኋላ አላውቅም። ብቻ ዶሪስ ላይ ከኔ በኋላ ማንም እጁን ያላሳረፈበት አንድ ጎማ ቢኖር ዛሬ ጠዋት የቀየርኩት ነው። ትሬቨር ስለማለልኝ።

ጠዋት ዳዶዎቹን በእጄ አዙሬ አስገባሁ። ሻይ ጠራችኝ። ሄድኩ። ከሻይ በኋላ ቀለሙን አስታውሳለሁ። መፍቻውን ግን አላስታውስም። ምንም ያህል ብሞክር መፍቻውን አላስታውስም።

እዚያው ስሯ ተኝቼ ቆየሁ። አሸዋው ይቀዘቅዛል። ከዚያ የትሬቨርን ጫማ አየሁ። ጎንበስ ብሎ «ሊንዝ? ጎድቶሃል እንዴ?» አለኝ።

«ስታጠብቅ ነበር» አልኩት።

አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ትሬቭ፣ በሰው ፊት ጥፋተኛ አድርጌህ፣ እሺ አልክ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?» አለኝ። «እህቴ አትንገረው አለችኝ። ሱቁ በራፍ ላይ ልንገርህ? ያን ሁሉ ሰው ፊት?» ከዚያ ደግሞ «መማል ግን አልነበረብኝም። ዛሬ ጠዋት ስትቀይር አይቼህ ነበር። ልነሳ አልኩና፣ ማልኩለት ብዬ ተውኩት። እልህ ያዘኝ። እህቴን ልገድላት ነበር» አለ። አለቀሰ። ትሬቨር ሲያለቅስ ዛሬ ነው ገና ያየሁት።

መፍቻውን ሰጠሁት። «አንተ ጨርሳቸው» አልኩት። እኔ ብርሃን ያዝኩለት። ሲጨርስ ምንም ቀለም አልቀባሁበትም።

አሁን እሳቱ ጋ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቅድም ኖሊን አጠገብ ተቀመጥኩ። ግንባሯ ላይ ያለው ፋሻ ደም አስተላልፏል። ወደዚያ ማየት አቃተኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከአምናው ክረምት» አለች። «በእግርህ ቤት መጣህ። ዶሪስ ተሰረቀች አልከኝ። ጋራዡ ፊት አቁመሃት ነበር፤ ሞተሯ አልጠፋም።»

«እና በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ ኖል፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጽዋዋን መሬት አስቀመጠች።

«ነግሬህ ነበር ሊንዝ።»

«መቼ?»

«ፋሲካ ላይ ነገርኩህ። ከቤት ልንነሳ ስንል ነገርኩህ። ዱርባም ውሃው ዳር ቁጭ ብለን ነገርኩህ።»

ቀልድ ትሆን እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። ኖሊን በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድም።

«እኔስ ምን አልኩ?»

«ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ትቆጣለህ። ከዚያ ታለቅሳለህ። ከዚያ እጄን ትይዝና ከነገ ጀምሮ አንቺ ንጂ ትለኛለህ። ጠዋት ስነሳ ግን አንተ ቀድመህ መሪው ጋ ቁጭ ብለሃል። ያፏጫል እንዴ የሚያውቅ ሰው? ታፏጫለህ። ደስ ብሎህ።» ወደ እሳቱ ዞረች። «እንዴት አድርጌ ለአራተኛ ጊዜ ላስለቅስህ? አልቻልኩም። ትሬቨር ያጥብቅልን አልኩ። ጠብቆ እስከተገኘ ድረስ ማን ይጎዳል አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያንቺ አይደለም» አልኳት።

«የኔ ነው። እዚህ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ካንተ ጋር መሆን ፈልጌ ነበር። ሁልጊዜ ጥለኸኝ ትሄድ ነበር እኮ።»

እጇን ያዝኩ። አለቀስኩ። ከነገ ጀምሮ አንቺ ንጂ አልኳት።

እንዳልኩት ወዲያው ቃሉን ራሴ ሰማሁት፤ እሷም ሰማችው። «እሺ» አለችኝ፣ እጄንም ዳበሰችልኝ፤ ግን አላመነችኝም። በትዳር አብሬያት የኖርኩት ሚስቴ አላመነችኝም፣ ደግሞም ልክ ናት። ከሁሉ ይበልጥ ያመመኝ እሱ ነው። ዶሪስን ማጣት አይደለም፣ ለታንያ መሸነፍም አይደለም። ነገ ጠዋት የማፏጨውን ሰውዬ ፈራሁት።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እሱንም ከዚህ በፊት ሰጥቻት እንደማላውቅ በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ ለዚያ ሰውዬ እዚሁ እጽፍለታለሁ። ሊንዚ፣ የምትነዳው ኖሊን ናት። ጎማው የወለቀው ባንተ ነው። ግንባሯን እየው። አትቆጣት፣ አታስደግማት።

ጁላይ 10

ከእንቅልፌ ስነሳ ብርሃን ሆኗል። ደብተሩ ጫማዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። የትናንቱን ገጽ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። እንደገና አነበብኩት።

ወጣሁ። ኖሊን ከኋላ ዕቃ ታስራለች፤ ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ። አየሁት። ደህና አደርሽ አልኳት። «ደህና አደርክ» አለችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም፣ ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለች።

ዞሬ ሄጄ በግራ በኩል፣ በተሳፋሪው በር ገባሁ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ደብተሩን ጭኔ ላይ ይዤ ይሄን እየጻፍኩ ነው።

አሁን መጣች። የሾፌሩን በር ከፍታ ትንሽ ቆመች። ገባችና መቀመጫውን ወደ ፊት ሳበችው።